ከጥብቅና ወደ ሸንጎ፦ የሲያትሉ መሰላልና የጅጋው ግድግዳ

ጥቅምት 25 ቀን 2018 ዓ.ም. በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ሲያትል ከተማ በምትገኝበት ኪንግ ካውንቲ ምርጫ ነበር። ከኢትዮጵያ ተሰደው ሱዳን በገቡ ወላጆች እዚያው ሱዳን የተወለደው ግርማይ ዛሂላይ የካውንቲው ዋና አስተዳዳሪ ሆኖ ተመረጠ። ቦታው ቀላል አይደለም። ኪንግ ካውንቲ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይኖርበታል፤ የከተማ አውቶቡሱ፣ ማረሚያ ቤቱ፣ የኅብረተሰብ ጤናው፣ የፍሳሽ ማጣሪያው ሁሉ በዚህ ቢሮ ሥር ነው።

እንዲህ ያለ ዜና ሲመጣ የሚሆነው ይታወቃል። ፎቶው ይዘዋወራል፣ «የኛ ልጅ!» ይባላል። አንዱ ከየትኛው ብሔር እንደሆነ ይጠይቃል፣ ሌላው ገና ስሙን አይቶ ይሳደባል፣ በሦስተኛው ቀን ሁሉም ይረሳዋል። ሰው የሚያወራው ስለ ድሉ ነው፤ የመጣበትን መንገድ ቆጥሮ የሚያይ የለም። ለጅጋ፣ ለፍኖተ ሰላም፣ ለቡሬ ወጣት የሚጠቅመው ግን መንገዱ ነው። ምክንያቱም የመንገዱ የመጀመሪያ ደረጃ ምን እንደነበረ የተረዳ ሰው፣ በምዕራብ ጎጃም የጎደለው ምን እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል።

ግርማይ ሲያትል ሲገባ የሦስት ዓመት ሕፃን ነበር። ያደገው በደቡብ ሲያትል፣ ለድሃ ቤተሰብ በሚከራዩ የመንግሥት ቤቶች ነው። እናቱ በነርስ ረዳትነት እየሠሩ አሳደጉት። ፍራንክሊን የተባለውን የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጨርሶ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ከዚያም በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማረ። ከተመረቀ በኋላ በትልልቅ የጥብቅና ድርጅቶች ሠርቷል። እግረ መንገዱንም «ራይዚንግ ሊደርስ» የሚባል፣ ታዳጊ ተማሪዎችን የሚያግዝ በጎ አድራጎት ድርጅት አቋቁሟል።

እዚህ ላይ ማጋነን አያስፈልግም። ሰውየው የኩባንያ ጠበቃ ነበር። የድሃ አቤቱታ ተሸክሞ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ሲንከራተት የኖረ ሰው አይደለም። የሀበሻ ሚዲያ የሰው ታሪክ ሲጽፍ ባለታሪኩን ከእናቱ ማኅፀን ጀምሮ ለሕዝብ ሲታገል ያስወልደዋል። እውነቱ ግን ከዚያ ይልቅ ተራ ነው፤ ተራ መሆኑም ነው ጥቅሙ። ሕግ የተማረ፣ ጥሩ ደመወዝ የነበረው አንድ የሰፈር ልጅ፣ ባደገበት ሰፈር ለሚገኝ አንድ የምክር ቤት ወንበር ተወዳደረ። ታሪኩ ይኸው ነው።

ወንበሩ የማን እንደነበረ ማወቅ ግን ደስ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2019 ግርማይ የተወዳደረው ወንበሩን ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ከያዙት ከላሪ ጎሴት ጋር ነው። ጎሴት ተራ ሰው አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1968 ጥቁር ተማሪዎች በትምህርት ቤት ሲበደሉ ለተቃውሞ ቢሮ ይዘው ከተቀመጡት አንዱ ነበሩ፤ ታስረውበታል። ያ ትምህርት ቤት ደግሞ በኋላ ግርማይ የተማረበት ፍራንክሊን ነው። ታጋዩ በትምህርት ቤቱ ተቃውሞ ምክንያት ታሰሩ፣ ሕግ አውጪ ሆኑ፣ ሸመገሉ። ከዚያው ትምህርት ቤት የወጣ የስደተኛ ልጅ መጥቶ በድምፅ አሸነፋቸው። ማንም አልታሰረም፣ ማንም አልተሰደደም። ግርማይ በዚያ ወንበር ስድስት ዓመት ገደማ ተቀምጦ የካውንቲ ሕግ ሲያወጣና በጀት ሲያጸድቅ ቆየ፤ ከዚያ ነው ለዋና አስተዳዳሪነት የተወዳደረው።

ያ ምክር ቤት ዘጠኝ አባላት ብቻ ናቸው ያሉት። ከዚህም የሚበልጠው ነገር፣ በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ከተወዳዳሪው ስም አጠገብ የፓርቲ ስም አይጻፍም። ካውንቲው የፓርቲ ምልክትን ከምርጫ ወረቀቱ ካወጣው ቆይቷል። ተወዳዳሪው የማን ደጋፊ እንደሆነ ሰው ያውቃል፤ አሜሪካ መቼም ያለ ፓርቲ አትውልም አታድርም። ነገር ግን ለመወዳደር የማንንም ጽሕፈት ቤት በር ማንኳኳት፣ የማንንም የእጩ ዝርዝር መጠበቅ ግድ አይልም። ስሙን ያስመዘግባል፣ በየቤቱ እየዞረ ያንኳኳል፣ ከዚያ ሰው ይፈርዳል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከግርማይም ከፍ ያለ ነው። ጆ ንጉሤ ወላጆቹ ከኤርትራ የተሰደዱ ናቸው፤ እሱ የተወለደው ካሊፎርኒያ፣ ያደገው ኮሎራዶ ነው። ዛሬ በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት የኮሎራዶ ሁለተኛ የምርጫ ክልል እንደራሴ ሲሆን፣ ከኤርትራ ስደተኞች ተወልዶ ኮንግረስ የገባ የመጀመሪያው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ዶናልድ ትራምፕ ለሁለተኛ ጊዜ በሴኔት ፊት ሲከሰሱ ክሱን ካቀረቡት እንደራሴዎች አንዱ እሱ ነበር። ያን ቀን ሴኔቱ ፊት ቆሞ ሲከራከር ያየ ሰው የሕግ ትምህርት ለምን እንደሚጠቅም ማስረጃ አያስፈልገውም።

የእሱም መሰላል ከታች ነው የሚጀምረው። በኮሎራዶ የግዛቱን ዩኒቨርሲቲ የሚያስተዳድረው የበላይ ቦርድ በሕዝብ ይመረጣል። ጆ ንጉሤ ገና የሕግ ተማሪ ሳለ፣ በ24 ዓመቱ፣ ለዚያ ቦርድ ተወዳድሮ አሸነፈ። ተመርቆ ጠበቃ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2014 የግዛቱን ምርጫ ለሚያስፈጽመው ለዋና ጸሐፊነት ሥልጣን ተወዳደረና ተሸነፈ። ከሽንፈቱ በኋላ ንግድና ሙያ የሚቆጣጠረውን የግዛቱን መሥሪያ ቤት መራ። እ.ኤ.አ. በ2018 ለኮንግረስ ተመረጠ።

መሃል ላይ ያለችውን «ተሸነፈ» የምትለዋን ቃል ልብ ማለት ይገባል። ባራክ ኦባማም ጠበቃና የሕግ መምህር ነበሩ፤ የኢሊኖይ ግዛት ሴናተር ሳሉ እ.ኤ.አ. በ2000 ለኮንግረስ ሞክረው በገዛ ፓርቲያቸው ቅድመ ምርጫ ተሸንፈዋል። ሊንከንማ ነገሩን ገልብጠውት ነበር፤ መጀመሪያ ለኢሊኖይ ምክር ቤት ተመረጡ፣ የጥብቅና ፈቃዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እዚያ አገር የተሸነፈ ጠበቃ በማግስቱ ቢሮውን ከፍቶ ደንበኛውን ያስተናግዳል። ዛሬም ከአሜሪካ ሴናተሮች ግማሽ ያህሉ፣ ከተወካዮች ምክር ቤት ደግሞ ሢሶ ያህሉ ሕግ የተማሩ ናቸው። ይህ የሆነው ሕግ የተማረ ሰው የተለየ አገር ወዳድ ስለሆነ አይደለም። ጥብቅና ሰው ሲሸነፍ የሚመለስበት፣ ሲያሸንፍ ደግሞ የሚገለገልበት ሙያ ስለሆነ ነው።

መሰላሉ መውጫ ብቻ ሳይሆን መውረጃም አለው። እ.ኤ.አ. በ2018 ትውልደ ኢትዮጵያዊው አሌክሳንደር አሰፋ ለኔቫዳ ግዛት ምክር ቤት ሲመረጥም እንዲሁ ተጨፍሮ ነበር። እሱ ጠበቃ አይደለም፤ ጉዳዩ ግን ትምህርት አለው። በምርጫ ገንዘብ አጠቃቀሙና በእርግጥ በመረጠው ክልል ውስጥ ይኖር እንደሆነ ምርመራ ተከፈተ፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ወንበሩን ለቀቀ። የት ያድራል ተብሎ የሚጠየቅ እንደራሴ ነው ያለው። በምዕራብ ጎጃም ተመራጩ ከተመረጠ በኋላ የት እንደሚያድር ማን ጠይቆ ያውቃል?

እንግዲህ ይህን መሰላል ይዞ ወደ ጅጋ መመለስ ነው።

ከደምበጫ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚሄድ መንገደኛ ጅጋን ሳያይ አያልፍም። በቆሎው፣ ጤፉ፣ በርበሬው የሚወጣበት የጃቢ ጠህናን አፈር ነው። የዚህ አገር ሰው ለሕግ ባዳ አይደለም። አያቶቹ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ «በሕግ አምላክ!» ብለው ካስቆሙ፣ የተቆጣው ሰው እግሩ ከመሬት አይነሳም ነበር። በላ ልበልሃ እየተባለ በዛፍ ጥላ ሥር የሚካሄደውን ሙግት ለመስማት ሰው ሥራ ፈትቶ ይሰበሰብ ነበር፤ ነገር የሚያውቅ፣ ቃል የሚያሳምር፣ ተጠያቂውን መውጫ የሚያሳጣ ሰው ከባለ ጠመንጃ እኩል ይከበራል። ዛሬም በፍኖተ ሰላም የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግቢ ጠዋት ለቆመ ሰው፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልሎ ተራውን የሚጠብቀው ገበሬ የክርክሩን ነጥብ ከብዙ ተማሪ በተሻለ ያስረዳዋል።

ክርክሩ ባብዛኛው የመሬት ነው። ወሰን ተገፋ፣ የአባት ይዞታ ለአንዱ ልጅ ብቻ ተላለፈ፣ የኪራይ ውሉ ሳይመዘገብ ቀረ፣ ስጦታው የተሰጠው በእርጅና ተታለው ነው፣ በደብተሩ ላይ የሰፈረው ስም የሌላ ሰው ነው። ይህን ሁሉ የሚገዛው ሕግ የሚወጣው ባሕር ዳር፣ በክልሉ ምክር ቤት ነው፤ ለምሳሌ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 252/2009ን ያወጣው ይኸው ምክር ቤት ነው። ከላይ ደግሞ ፌዴራሉ በ2016 ዓ.ም. አዲስ የገጠር መሬት አዋጅ አውጥቷል።

በዚህ ግቢ ለዓመታት የቆመ ጠበቃ ምን ያያል? አንዱ አንቀጽ ሠላሳ ቤተሰብ ሲያጣላ ያያል። የመጀመሪያው ባለጉዳይ ሲመጣ «የእርስዎ ጉዳይ ከባድ ነው» ይላል፤ አሥረኛው ሲመጣ የችግሩ ምንጭ ባለጉዳዩ እንዳልሆነ፣ አንቀጹ እንደሆነ ይገባዋል። ዳኛው ሊጠግነው አይችልም፤ የዳኛ ሥራ የተጻፈውን መተርጎም ነው። ጠበቃውም በየችሎቱ እየተከራከረ ሊጠግነው አይችልም። ሊጠግነው የሚችለው ሕግ የሚወጣበት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ብቻ ነው። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይሉታል። ከፍርድ ቤት ደጃፍ ወደ ምክር ቤት የሚደረገው ጉዞ እንግዲህ የሥልጣን ጥም ሳይሆን፣ የጀመሩትን ሥራ መጨረስ ነው።

ሕግ አውጪው የአገሩን ሰርዶ ሳያውቅ ቢቀር ምን እንደሚሆን ጎጃም በራሱ ደም ያውቀዋል። በ1960 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ፓርላማ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ አወጣ። ወረቀቱ ላይ ሲነበብ መጥፎ አይመስልም፤ ያመረተ በምርቱ ልክ ይክፈል የሚል ነው። ፓርላማው ግን ለመወዳደር የንብረት መመዘኛ የሚጠየቅበት፣ ባለመሬትና ሹም የሞላበት ነበር። የጎጃም ገበሬ በርስቱ ላይ የቆመ ገበሬ መሆኑን፣ ምርትህ ይገመት ሲባል ርስትህ ይለካ እንደተባለ አድርጎ እንደሚሰማው የነገራቸው ሰው አልነበረም፤ ቢኖርም የሰማው የለም። ገበሬው ሸፈተ። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከ፣ ሰው አለቀ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሱ፣ ውዝፍ ግብሩም ተማረ።

1960 ዓ.ም. ማለት እ.ኤ.አ. 1968 ነው። ላሪ ጎሴት በሲያትል የታሰሩበት ዓመት መሆኑ ነው። እዚያ የተቆጣው ወጣት ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ባለ ወንበር ሆነ። እዚህ የተቆጣው ገበሬ ጠመንጃውን ሰቅሎ ወደ እርሻው ተመለሰ፤ ግብሩ ቀረለት፣ ወንበሩ ግን ያው የሌላ ሰው ሆኖ ቀጠለ። መንግሥት ተለዋወጠ፣ አዋጅ ተለዋወጠ። ጅጋ ዛሬም ሕጉ ከወጣ በኋላ ነው የምትሰማው።

«ታዲያ ወጣቱ ለምን አይወዳደርም?» የሚል ይኖራል። መልሱ አጭር ነው፤ የት? የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤት ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነው። በ2010 መካሄድ ነበረበት፤ ተራዘመ። እንደገና ተራዘመ። ከዚያ ወዲያ የሚያነሳውም ጠፋ። ያኔ የአምስት ዓመት ሕፃን የነበረ ልጅ ዛሬ 18 ዓመት ሞልቶት መራጭ ሆኗል፤ በቀበሌው ስም የሚሰበሰቡትን ሰዎች ግን በዕድሜው አንዴም ሲመረጡ አላየም።

የ2005ቱም ምርጫ ቢሆን ምርጫ ነበር ለማለት ድፍረት ይጠይቃል። በመላ አገሪቱ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ወንበር ነበረ፤ ብዛቱ ሲሰማ ዴሞክራሲ የፈሰሰ ያስመስላል። ተቃዋሚዎቹ ሜዳው ጠበበ ብለው ከውድድሩ ወጡ፤ ገዢው ግንባርና አጋሮቹ ወንበሩን ከሞላ ጎደል በሙሉ ወሰዱት። አንድ ሰው ብቻ የሚወጣበትን መሰላል መሰላል ማለት ከባድ ነው። ይሁን እንጂ በወረቀት ያለ ነገር አንድ ቀን ሥጋ ይለብሳል ተብሎ ይጠበቃል፤ አሁን ግን ወረቀቱም የለም።

የፓርቲ መሪዎች ይህን ጉዳይ እንደ ትንሽ ነገር ነው የሚያዩት። ፉክክሩ ሁሉ አራት ኪሎ ነው፤ የቀበሌ ምርጫ የቀበሌ ወሬ ነው ይላሉ። ተቃዋሚውም ገዢውም በዚህ አንድ ናቸው። ትልቁ ስሕተት የተሠራው እዚህ ላይ ነው። የግርማይ የመጀመሪያ ወንበር ዘጠኝ ሰው የሚቀመጥበት የአካባቢ ምክር ቤት ነበር፤ የጆ ንጉሤ የዩኒቨርሲቲ ቦርድ። በዚያ ነው ድምፅ መለመን፣ በጀት ማንበብ፣ ከማይወዱት ሰው ጋር ተስማምቶ አንቀጽ ማጽደቅ የሚለመደው። ታች ሳይለመድ በቀጥታ ላይኛው ቤት የገባ ሰው እጅ ማውጣት ብቻ ቢያውቅ ምን ይገርማል? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 እንደራሴው ተገዢነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናው ብቻ ነው ይላል። ለእጩነት ያበቃው ሕዝብ ሳይሆን የፓርቲ ቢሮ ከሆነ፣ ከሦስቱ ለየትኛው ይገዛል?

የላይኛውን ደረጃ የሞከሩት የሕግ ሰዎች ዕጣም ተስፋ የሚሰጥ አይደለም። ብርቱካን ሚደቅሳ ምሳሌ ናቸው። የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ሳሉ የስዬ አብርሃን ዋስትና ፈቀዱ፤ ሰውየው ከፍርድ ቤት ሳይርቁ እንደገና ተያዙ። ዳኝነቱን ትተው ጠበቃ ሆኑ፤ ከጥብቅና ወደ ፖለቲካ ገቡ፣ የቅንጅት ምክትል ሊቀመንበር ሆኑ። አሜሪካ ቢሆን ኖሮ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ደረጃ ፓርላማ ነበር። እሳቸው ግን ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ወደ ወኅኒ ወረዱ፣ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው፣ በ1999 መጨረሻ በይቅርታ ወጡ። አንድነት ፓርቲን መሩ፤ በ2001 ይቅርታው ተነስቶ እንደገና ታሰሩ። ከእስር ሲወጡ ወደ አሜሪካ ሄደው ሃርቫርድ ተማሩ። በ2011 ተመልሰው የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ፤ በ2015 በጤና ምክንያት ለቀቁ። ስንቱ በየወንበሩ ሲቀመጥ ቆጠሩ፤ እሳቸው ራሳቸው ግን እንደራሴ ሆነው አንድ ቀን አልተቀመጡም። በአገሪቱ ካሉት የተሻሉ የሕግ አእምሮዎች አንዱ ሕግ ማውጫው ቤት ሳይገባ ቀረ።

የገባውስ? አቶ ክርስቲያን ታደለ በ2013 ዓ.ም. የአብን እጩ ሆነው ተመርጠው የተወካዮች ምክር ቤት አባል ሆኑ፤ የመንግሥት ወጪን የሚቆጣጠረውን ቋሚ ኮሚቴ መሩ። በ2015 ክረምት ታሰሩ። ያው አንቀጽ 54 እንደራሴ እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በስተቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዝም ይላል። ምክር ቤቱ ያለመከሰስ መብታቸውን ያነሳው ግን ከታሰሩ ከወራት በኋላ ነው። ፖለቲካቸውን የሚወድም የሚጠላም ሰው ቅደም ተከተሉን መቁጠር አያቅተውም። ይህን ያየች የጅጋ እናት፣ ሕግ ተመርቆ የመጣ ልጇ «ልወዳደር ነው» ቢላት ምን ትመልስለታለች?

በዚህ ላይ ጦርነቱ አለ። ከ2015 ክረምት ወዲህ ምዕራብ ጎጃም ሰላም አላደረም። ፍኖተ ሰላም ላይ በዚያው ነሐሴ በደረሰው የአየር ጥቃት ከሃያ በላይ ሰዎች ሞተዋል። መንገድ ይዘጋል፣ ትምህርት ይቋረጣል፣ ፍርድ ቤት ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ይዘጋል። «በዚህ መሃል የቀበሌ ምርጫ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚል ሰው ንግግሩ ከባድ ነው፤ በቀላሉ አይጣልም። በ2018 ይካሄዳል በተባለው ሰባተኛ ጠቅላላ ምርጫ እንኳ ጅጋ ላይ ሰው ያለ ፍርሃት ተሰልፎ ድምፅ ይሰጣል ብሎ የሚምል አይገኝም።

ነገር ግን ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ የአካባቢ ምርጫ የቀረው ጦርነቱ ስለመጣ አይደለም፤ በ2010 ጎጃም ውስጥ አውሮፕላን አልነበረም። ሁለተኛ፣ ጦርነቱ ከየት መጣ ሲባል ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ነው። በ2015 የማዳበሪያ እጥረት ገበሬውን መንገድ ሲያስወጣው፣ በወረዳው «እኔ የመረጥኩት ሰው ይጠይቅልኝ» የሚለው ሰው አልነበረውም። የነበረው የግብርና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነው፤ እሱም የተሾመ ነው። የሚጠይቅለት ያጣ ሰው ራሱ ይጠይቃል፤ ራሱ ሲጠይቅ ደግሞ ድምፁ ሁልጊዜ የቃል ብቻ አይሆንም።

ውጭ አገር ያለው የጎጃም ተወላጅ በዚህ ላይ የሚያደርገው ነገር አለ። ለጦርነት፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለቀብር፣ ለሆስፒታል ገንዘብ ይሰበስባል፤ አይነቀፍም። በየዓመቱ ከደብረ ማርቆስና ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተመርቀው ወደ ወረዳቸው ለሚመለሱ ልጆች ግን የሚያስብ የለም። የጥብቅና ፈቃድ አውጥተው ቢሮ እስኪከፍቱ የሚያቆማቸው የዓመት የቤት ኪራይ ነው። ከዚያ በኋላ ለድሃ ገበሬ በነፃ የሚከራከሩበት ጊዜ ቢያገኙ፣ ስማቸው ከቀበሌ ቀበሌ ይሄዳል። ምርጫ ሲመጣ ሰው የሚያውቀው ስም ይኖራል ማለት ነው። የፓርቲ ካድሬ የሚያሸንፈው ብዙ ጊዜ ሌላ የሚታወቅ ስም ስለሌለ ነው።

ሕግ የተማረ ሁሉ ጥሩ ሕግ አውጪ ይሆናል የሚል እዚህ የለም። የአሜሪካ ኮንግረስ በጠበቃ ተሞልቶ ስንት ዓመት በጀት ማጽደቅ አቅቶት መሥሪያ ቤት እንደሚዘጋ ዓለም ያውቃል። የጎጃም ሰውም «ነገረኛ» የሚለውን ቃል ያለ ምክንያት አላወጣውም። ጥያቄው ግን ማን ይሻላል የሚል ሳይሆን፣ መሞከሪያው የት ነው የሚል ነው። የሲያትል መራጭ ግርማይን በትንሽ ወንበር ስድስት ዓመት አይቶ ነው ትልቁን የሰጠው። ባይወደው ኖሮ እዚያው ያስቀረው ነበር።

መጠየቅ ያለበት ጥያቄ በጣም ትንሽ ነው፤ በመግለጫ የማይነገር፣ ሰልፍ የማይወጣበት ጥያቄ። የወረዳና የቀበሌ ምርጫ መቼ ነው? ሰላም በሰፈነበት ወረዳ ይጀመር፣ ሌላው ይከተል፤ ግን ቀኑ ይነገር። ፓርቲ የሌለው ሰው በገዛ ስሙ ይቅረብ። የተሸነፈ ጠበቃ በማግስቱ ቢሮውን ከፍቶ ይሥራ፤ ፈቃዱ አይነካ፣ ደንበኛው አይፈራ። ለፓርቲዎች ድርድር የተቀመጠ ሁሉ፣ በየትኛውም ወገን ቢሆን፣ ይህን ከአጀንዳው ግርጌ አንድ መስመር አድርጎ ቢጽፈው ወረቀቱ አይጠበውም።

እስከዚያው ድረስ በፍኖተ ሰላም ፍርድ ቤት አጥር ሥር፣ ከማመልከቻ ጸሐፊዎቹ አግዳሚ አጠገብ፣ አንድ ሕግ የተመረቀ ልጅ ቆሞ የወሰን ክርክር አቤቱታ እያነበበ ነው። ሽማግሌው ባለጉዳይ አፍ አፉን ያዩታል። ልጁ ጣቱን አንዱ አንቀጽ ላይ አሳርፎ «አባቴ፣ ችግሩ እዚህ ጋ ነው» ይላቸዋል። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አዩና «ታዲያ ይህንን ማን ነው የሚያስተካክለው?» ብለው ጠየቁት።